የሰጠሁትን ሥዕል ላራግፍ ስሄድ

ውሸቱን የጀመርኩት እኔው ራሴ ነኝ፤ ማንንም አላማም። ለሰው ሥዕል ስሰጥ፣ ግድግዳው ላይ አስተካክዬ ከሰቀልኩ በኋላ ወደ ባለቤቶቹ ዞር እልና ፊቴን ኮስተር አድርጌ፣ «ይሄን ሥዕል በየሦስት ወሩ እኔ ራሴ መጥቼ ካላየሁት ይበላሻል። እናንተ እንዳትነኩት» እላለሁ። ሰውም ያምነኛል። ቴሌቪዥን ቢሆን ሁሉም መሐንዲስ ነው፤ ሥዕል ምን እንደሚፈልግ ግን ማን ያውቃል?

እውነቱን ለመናገር ሥዕል ያን ያህል አያስቸግርም። ፀሐይ በቀጥታ አይምታው፣ ከወጥ ቤት እንፋሎት ይራቅ፣ እርጥብ ግድግዳ ላይ አይለጠፍ፣ ውሃ አይንካው፣ አልፎ አልፎ በለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች አቧራው ይራገፍለት። በቃ፣ ይኸው ነው። እኔ ግን የአባቴን የጺም ብሩሽ፣ ነጭ ጨርቅና መነጽሬን በቦርሳ ይዤ እንደ ሐኪም እዞር ነበር። የምዞረው ለሥዕሉ ብዬ አይደለም። ቤቴ ሰው ስለሌለ ነው።

ቤቴ ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ በአንድ መሥሪያ ቤት የሕንፃ ንድፍ ስሠራ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ባል አላገባሁም፣ ልጅ አልወለድኩም። እናቴን አስታምሜ እዚሁ ቤት ቀበርኳት፤ ማለቴ ከዚሁ ቤት ወጥታ ነው የተቀበረችው። ከእሷ በኋላ በሬን የሚያንኳኳው የውሃ ቆጣሪ የሚያነበው ሰውና ቤት የተሳሳተ እንግዳ ብቻ ሆነ። አንዴ ቤት የተሳሳተች ሴትዮ ግቢ፣ ትንሽ አረፍ በይ ብያት ደንግጣ በደረጃው ቁልቁል ሮጠች። አይ እኔ!

ሥዕሉን የጀመርኩት ገና ሥራ ላይ እያለሁ ነው። ሳምንቱን ሙሉ በማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር ሳሰምር ከርሜ፣ ቅዳሜ ሲመጣ ማስመሪያ የማይነካው ነገር መሥራት አማረኝ። ሰው አልሥልም፣ ቤት አልሥልም፣ ተራራም አልሥልም። ቀለም በቀለም ላይ እደርባለሁ፣ እፍቃለሁ፣ እንደገና እደርባለሁ። «አብስትራክት ይባላል» ብዬ ሳስረዳ ሰዎች በትሕትና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ከዚያ፣ «እሺ፣ ግን ምንድን ነው?» ይሉኛል። ይሄ ጥያቄ ደሜን ያፈላዋል። «ምንም አይደለም፣ ቀለም ነው!» እላለሁ። እንዲህ እየተቆጣ ስጦታ የሚሰጥ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ሠርግ ሲጠሩኝ ሌላው ብርድ ልብስና የብርጭቆ ስብስብ ይዞ ሲሄድ፣ እኔ ሸራዬን በጋዜጣ ጠቅልዬ እሄዳለሁ። እንዲህ እያልኩ ዘጠኝ ሥዕል ሰጠሁ፤ የምሄድባቸው ዘጠኝ ቤቶች አገኘሁ ማለት ነው። ግን ምን ዋጋ አለው፣ አንድ በአንድ አለቁ። አንዳንዱ ቤት ቀየረ፣ አንዳንዱ አገር ለቀቀ፣ አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ከቁም ሳጥን ጀርባ አቁሞት አገኘሁና እንዳላየሁ ሆኜ ወጣሁ። ሁለቱን ቤቶች ግን ያጣሁት በገዛ አፌ ነው።

የመጀመሪያዎቹ እዚሁ ጀሞ ምድር ቤት የገቡ ሙሽሮች ነበሩ። ፍሪጁም በፕላስቲክ፣ ወንበሩም በፕላስቲክ፤ ሥዕሌንም እንደዚያው አድርገው በፕላስቲክ ግጥም አድርገው ጠቅልለው ሰቀሉት። «አዲስነቱ እንዲቆይ ብለን ነው» አሉኝ በኩራት። ክረምቱ ሲወጣ ብሄድ ሸራው በፕላስቲኩ ውስጥ ሻግቷል። በስመ አብ! ጮህኩባቸው። ልጆቹ እንዳከበሩኝ ነበር የሚያውቁት፤ ለሚወዱት ዕቃ የሚያደርጉትን ነበር ያደረጉልኝ። ከዚያ ወዲህ ደረጃው ሥር ስንገናኝ አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ።

ሁለተኛዋ የወንድሜ ልጅ ሚስት ናት። ለእንቁጣጣሽ ልጠይቃቸው እንደምመጣ ነግሬያት ነበር። ቤቱን ከጣሪያ እስከ ወለል አጠበች፤ መቼም የበዓል ጽዳት የማይነካው ነገር የለም፤ ሥዕሌንም በስፖንጅና በዱቄት ሳሙና አሸችው። ደርሼ ሳየው ቀዩ ታጥቦ ሮዝ ሆኗል። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም!» አልኩ በእንግዳ ፊት። ልጅቷ እጇ ገና እርጥብ ነበር። ለኔ ብላ ነበር እኮ ያጠበችው። ከዚያ በኋላ ከወንድሜ ቤተሰብ ጋር በዓል ሲመጣ የምንገናኘው በስልክ ብቻ ሆነ፤ እንኳን አደረሳችሁ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን፣ ቻው።

እንዲህ እንዲህ ሲል የቀረኝ አንድ ቤት ብቻ ሆነ። መካኒሳ አቦ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ፣ የጓደኛዬ ቤት። ያ ቤት ከተዘጋብኝ በዚህ በሰፊ ከተማ «ቤቶች!» ብዬ የምገባበት በር አይኖረኝም። ይሄን አሳምሬ አውቀው ነበር፤ ስለዚህ እዚያ ቤት ምላሴን ሰብስቤ ነበር የምገባው።

ጓደኛዬ ጎፋ ሰፈር አብራኝ ያደገች ናት። ወላጆቿ ከደቡብ መጥተው ጎረቤታችን የሆኑ ጴንጤዎች ነበሩ፤ እኛ ደግሞ ማርያም ማርያም ስንል የኖርን። እሷ ስትዘምር እኔ እየሳቅኩባት፣ እኔ ስጾም እሷ ዳቦ እየቆረሰች እያናደደችኝ አደግን። እናቴ ስትሞት ባሏንና ልጇን ትታ ሁለት ሳምንት እኔ ዘንድ ከረመች። እናቴ የተኛችበትን ፍራሽ ፀሐይ ያወጣችው፣ ልብሷን አጥፋ ያስቀመጠችው እሷ ናት። አላጽናናችኝም፤ ዝም ብላ ከጎኔ ተቀመጠች።

እሷ ከሄደች በኋላ ትልቁን ሰማያዊ ሥዕል ሠራሁ። ክንዴን ዘርግቼ ዳርና ዳሩን ለመያዝ የሚያዳግት ሸራ ነው። ሰማያዊ በሰማያዊ ላይ፣ ከታች በስተቀኝ ትንሽ ቢጫ። በሕይወቴ ያን የሚያክል ነገር ሠርቼ አላውቅም፤ አጠገቡ ግን መተኛት አልቻልኩም። በዓመቱ እነሱ መካኒሳ የራሳቸውን ቤት ሠርተው ሲገቡ ለቤት ምረቃ ሰጠኋት። ምንድን ነው ብላ አልጠየቀችኝም። ያኔ ተማሪ የነበረችው ልጇ ናት፣ «ዝናብ ነው» ያለችው። ለመጀመሪያ ጊዜ አልተቆጣሁም።

እና በየሦስት ወሩ፣ ኋላ በየሁለት ወሩ፣ ኋላ ደግሞ «አየሩ ደርቋል፣ ያሳስበኛል» እያልኩ በየወሩ እሄድ ጀመር። እሑድ ከሰዓት ነው የምሄደው፤ እሑድ ከሰዓት የእኔ ቤት ግድግዳ ይናገራል ማለት ይቻላል። ስደርስ ሰላምታው ይጀምራል። «ደህና ነሽ? ሰላም ነሽ? ጤናሽስ? ጉልበትሽስ? ቤት ሁሉ ሰላም?» «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እናንተስ? ልጅቷስ?» «ደህና፣ ሁሉም ደህና፣ ጌታ ይመስገን።» ሁሉም ሁልጊዜ ደህና ነው። ከዚያ ምግብ ይቀርባል፤ እኔም፣ «ኧረ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት፣ ሞቼ እገኛለሁ» እላለሁ። አልበላሁም። ቁርስም አልበላሁም። ግን ሰው ልትበላ መጣች እንዳይለኝ፣ ብቸኝነቴን እንዳይሸትብኝ፣ ሥራ የበዛባት ባለሙያ መምሰል ነበረብኝ።

ስለዚህ ቀጥ ብዬ ወደ ግድግዳው። መነጽሬን አደርጋለሁ፣ ብሩሼን አወጣለሁ፣ ጀርባዬን ለቤቱ ሰጥቼ ከላይ ወደ ታች፣ ከላይ ወደ ታች። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ እኔ አንድ ሰዓት አደርገዋለሁ። ጆሮዬ ግን ከኋላዬ ነው። ሳህን ይጋጫል፣ ባሏ ይስላል፣ ቴሌቪዥኑ ይዘምራል፣ እሷ ለስልክ «ሃሎ! ሃሎ! አይሰማም!» ትላለች። ያ ጫጫታ ሁለት ሳምንት ያኖረኛል። ስጨርስ ዕቃዬን ሰብስቤ፣ «በሉ ቸኩያለሁ» ብዬ እወጣለሁ። የምቸኩልበት የለኝም። ጀሞ ደርሼ የብቻዬን ሽሮ እሠራለሁ።

እንዲህ ሰባት ዓመት።

ባለፈው ሰኔ፣ ዝናቡ ሊጠናከር ሲል፣ እንደ ልማዴ ሄድኩ። ስገባ ግድግዳው ባዶ ነው። ሚስማሩ ብቻ ቀርቷል። ሥዕሉ በአበባማ አንሶላ ተጠቅልሎ፣ በገመድ አምሮ ታስሮ በሩ አጠገብ ቆሟል። ጓደኛዬ እጇን በቀሚሷ ላይ ትጠራርጋለች፤ ስትጨነቅ ልማዷ ነው። የተናገረው ባሏ ነው። ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው፣ ለስላሳ ሰው፤ ንግግሩን የተለማመደው ይመስል ነበር።

«እህቴ» አለኝ፣ «ተነጋግረን ነው። ይኸው ሰባት ዓመት ለዚህ ሥዕል ብለሽ በታክሲ ተጋፍተሽ ተመላለስሽ። እኛ አደራውን በደንብ አልያዝነውም መሰለኝ፤ ብታምኚን ኖሮ ይሄን ያህል አትደክሚም ነበር። አሁን ደግሞ ጉልበትሽን ያምሻል፣ ክረምቱም መጣ፣ ይሄ ግድግዳ ውሃ ያስገባል። ሐሳብ እንዳይሆንብሽ ወደ ቤትሽ ይሂድልሽ። ዓይንሽ ሥር ይሁን።»

በአገራችን ስጦታ የሚመለሰው ሲጣሉ ነው። በፍቅር ሲመልሱት ምን እንደሚባል የነገረኝ ሰው የለም። አፌን ከፍቼ፣ «ኧረ ተዉ፣ ሥዕሉ ገደል ይግባ፣ እኔ የምመጣው ለናንተ ነው» ማለት ነበረብኝ። ምን አልኩ መሰላችሁ? «ጥሩ አደረጋችሁ! እኔም ልላችሁ ነበር።» ሞት ይርሳኝ! ኩራቴ እንደዚያ ቀን አዋርዶኝ አያውቅም።

ነገሩን ለማቅለል ብዬ፣ «በሉ ልጅቷ እስከ ታክሲው ትሸኘኝ፣ ብቻዬን አልችለውም» አልኩ። ባልና ሚስት ተያዩ።

«ማን?» አለች ጓደኛዬ።

«ልጅሽ ናታ! ተኝታለች እንዴ?»

«ሐዋሳ ከሄደች እኮ ዓመት ሊሞላት ነው።»

«እንዴ! ማን ነገረኝ?»

«እኔ ነገርኩሽ» አለች። ድምፅዋ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «እዚሁ ቆመሽ፣ ጀርባሽን ሰጥተሽኝ። ሥራ አገኘች፣ ሐዋሳ ልትሄድ ነው፣ ቤቱ ጭር ሊልብን ነው አልኩሽ። አንቺ ብሩሽሽን እያስኬድሽ ጎሽ፣ ጎሽ አልሽኝ።»

ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ መጥቻለሁ? ስንት ጊዜ «ልጅቷስ?» ብዬ፣ ስንት ጊዜ «ደህና ናት» ተብዬ፣ ወደ ግድግዳዬ ዞሬያለሁ? ከኋላዬ የምሰማው ጫጫታ አንድ ድምፅ እንደጎደለው ጆሮዬ አልነገረኝም። አፈርኩ። ሥዕሉን አቀፍኩት። ባሏ በአንድ ጎን ያዘልኝና እስከ አስፋልቱ ሸኘኝ። እሷ በሩ ላይ ቀረች።

ታክሲው ውስጥ የኋላውን ወንበር ይዤ ሥዕሉን ጉልበቴ ላይ አቆምኩት። ረዳቱ፣ «ማዘር፣ መስታወት ነው?» አለኝ። «አይደለም።» «ታዲያ ምንድን ነው?» አለ። እንደ ድሮው መቆጣት አቃተኝ። ፊቴን በአንሶላው ጋርጄ እስከ ጀሞ አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ሶፍት አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ሦስት ሳምንት አንሶላውን አልፈታሁትም። ስልኬን አያለሁ፤ ትደውላለች ብዬ እጠብቃለሁ። አልደወለችም። ለምን ትደውላለች? ሥዕሌን ወስጃለሁ፣ ሐሳቤ ተቃልሏል፣ ዓይኔ ሥር ነው። ቅዳሜ ይመጣል፣ እሑድ ይመጣል፣ ዝናቡ የሰገነቱን ቆርቆሮ ይደበድባል። ከታች ቤት ያሉት ሰዎች ሲስቁ ይሰማኛል። አንድ ቀን ሙሉ ከማንም ጋር ሳልነጋገር ውዬ፣ ማታ ድምፄ ይኖር እንደሆነ ለማወቅ ስሜን ጮክ ብዬ ጠራሁ። የእናቴን ፎቶ፣ «ምን ታዪኛለሽ?» ብዬ የተቆጣሁበትም ቀን አለ።

በሦስት ሳምንቱ አንሶላውን የፈታሁት፣ እርጥበት እንዳይዘው ብዬ ነው። ሥዕሉን ገልብጬ ጀርባውን አየሁ። ሰባት ዓመት ፊቱን ስጠብቅ ጀርባውን አንድ ቀን አይቼው አላውቅም። በአራቱም ማዕዘን፣ እንጨቱ ላይ፣ እንደ ትንሽ ትራስ የታጠፈ ወፍራም ጨርቅ በመርፌ ተሰፍቷል። ሸራው እርጥቡን ግድግዳ እንዳይነካ፣ በመሐል አየር እንዲያልፍ። እኔ እንዲህ አድርጉ ብዬ አልነገርኳቸውም፤ እንደውም እንዳትነኩት ነበር ያልኳቸው። ስፌቱን አውቀዋለሁ፤ ጓደኛዬ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንዲህ ጥቅጥቅ አድርጋ ነው የምትሰፋው። ጨርቁም የልጅቷ የድሮ የትምህርት ቤት ሹራብ ነው። አንዱ ትራስ አርጅቶ በላዩ ላይ ሌላ ተደርቦበታል። እንግዲህ በየጊዜው እያወረደች፣ እኔ እንዳላውቅባት ትጠግነው ነበር ማለት ነው።

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። እንዲህ አድርጎ ዕቃ የሚጠብቅ ሰው ሊያስወግደው ፈልጎ አይደለም የሚመልሰው። ሥዕሉን የመለሰችልኝ አምናኝ፣ ለኔ ብላ ነው። እኔ ለሥዕሉ ነው የምመጣው ስል፣ እሷ ቃሌን ወሰደችው። የነገርኳት እሱን ብቻ ነዋ! የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ሲባል እየሰማሁ አርጅቼ፣ መድኃኒቱን ለመለመን ግን አንድ ቀን አፌን አልከፈትኩም።

በማግስቱ ማክሰኞ ነበር። ማክሰኞ ሄጄ አላውቅም። ቦርሳዬን አልያዝኩም፣ ብሩሹን አልያዝኩም። ታክሲ መያዣው ጋ ብርቱካን የምትሸጠዋን አየሁና እጄን ሰደድኩ፤ ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም። ከዚያ ተውኩት። ብርቱካን ብይዝ፣ «ብርቱካን ላደርስ ነው የመጣሁት» ብዬ ከበሩ እንደምመለስ ራሴን አውቀዋለሁ።

መካኒሳ ስደርስ ዝናብ ጀምሯል። የግቢውን በር አንኳኳሁ። ጓደኛዬ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ከፈተችልኝ። ፊቴን አይደለም ያየችው፤ መጀመሪያ እጆቼን አየች። ከዚያ ተጨንቃ፣

«ምን ረሳሽ?» አለችኝ።

ሰባት ዓመት ተመላልሼ ያተረፍኩት ይሄን ጥያቄ ነው።

«ምንም አልረሳሁም።»

«ታዲያ በዚህ ዝናብ?»

«ብቻዬን መሆን መረረኝ» አልኩ። በስልሳ ሁለት ዓመቴ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቃሉን አወጣሁት። «ሥዕሉ እኔን አይፈልግም። ድሮም አይፈልግም ነበር። ዋሽቼሽ ነው። እናንተ ቤት ሰው አለ፣ ለዚያ ነው የምመጣው። በልቼ ነው የመጣሁት ስልሽም አንድ ቀን በልቼ አላውቅም።»

አላቀፈችኝም። በሩን ይዛ ቆማ አየችኝ፤ ከዚያ ተቆጣች። በሕይወቷ እንዲህ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም።

«አንቺ! አንቺ ጨካኝ!» አለች። «ልጄ የሄደች ሳምንት እኮ እኔም ብቻዬን ነበርኩ! ትመጣለች፣ ታዋራኛለች ብዬ ቀን ቆጠርኩ። መጣሽ። ግድግዳዬን ጠርገሽ ሄድሽ!»

ይቅርታ እንኳ ሳልል ክንዴን ይዛ እየጎተተች አስገባችኝ። ባሏ ከተቀመጠበት ቀና አለ፣ ሁለታችንንም አየ፤ ሶፋው ላይ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። ከነእርጥብ ልብሴ ተቀመጥኩ። ባዶውን ግድግዳ ከጀርባዬ አድርጌ ቤቱን አየሁት። ቀለም ሳይ የኖርኩ ሴትዮ፣ የዚያን ሶፋ ቀለም እስከዚያ ቀን አላውቀውም ነበር። ቡናማ ነው።